«ኮንትራት ነሽ» ካሉሽ «ለምን?» ብለሽ ጠይቂ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ቤት መጣች። ቡናው ሁለተኛው እስኪቀዳ ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ «ጋሼ፣ እስኪ ይህን እየው፤ ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ። ሁለት ገጽ ነው። ማኅተም አለበት። «ይህ ውል ለ3 ወር የጸና ይሆናል» ይላል። ልጅቷ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ናት። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲሰጧት ይህ አምስተኛው ነው። ወንበሩ ያው ወንበር፣ ማሽኑ ያው ማሽን፣ የደንብ ልብሱም ያው ሰማያዊ ሹራብ። የሚቀየረው ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ብቻ ነው።

«የዓመት ፈቃድ ወስደሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ኮንትራት ፈቃድ የለውም ተብለናል።»

ብዙ ዓመት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁና ይህችን አነጋገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጥረውም። ስህተት ናት። ከዚያ በላይ የሚያናድደኝ ደግሞ የሚናገሩትም የሚሰሙትም እውነት ነው ብለው ማመናቸው ነው። ስለዚህ ለእሷ ያስረዳኋትን እዚህ ልጻፈው፤ በአምስተኛው ወረቀት ላይ ያለች እሷ ብቻ እንዳልሆነች አውቃለሁ።

መጀመሪያ አንድ መምታታት እናጥራ። ሰው «ቅጥርህ ምንድን ነው?» ሲባል አንዱ «ቋሚ ነኝ» ይላል፣ ሌላው «የቀን»፣ ሌላው «በፈረቃ»፣ ሌላዋ «በኤጀንሲ ነው የገባሁት» ትላለች። እነዚህ የአንድ ጥያቄ መልሶች አይደሉም። ቋሚ ወይም ኮንትራት የሚለው ውሉ እስከ መቼ እንደሚቆይ ይናገራል። ፈረቃ፣ ግማሽ ቀን፣ ሙሉ ቀን የሚለው ሰዓቱን ነው። የቀን፣ የወር፣ በቁራጭ፣ በኮሚሽን የሚለው ክፍያው እንዴት እንደሚሰላ ነው። ኤጀንሲ ደግሞ አሠሪዬ ማን ነው ለሚለው መልስ ነው። አንድ ሰው በፈረቃ የሚሠራ፣ በቀን የሚከፈለው፣ በኤጀንሲ የገባ፣ ግን በሕግ ዓይን ቋሚ የሆነ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። አራቱን ለይታችሁ ካያችሁ ግማሹ ግራ መጋባት ይጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው። በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት የልማት ድርጅት ሠራተኛም እዚሁ ውስጥ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ግን የራሱ ሌላ ሕግ አለው። የዚህ አዋጅ አንቀጽ 9 በጣም አጭር ናት፣ ግን እኔ ብሆን በየፋብሪካውና በየካፌው ግድግዳ ላይ እለጥፋት ነበር። የምትለው ይህን ነው፦ ማንኛውም የሥራ ውል፣ ቀጥሎ ባለው አንቀጽ 10 ከተዘረዘሩት ምክንያቶች በአንዱ ካልሆነ በስተቀር፣ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል።

ይህ ማለት ሕጉ የሚጀምረው መነሻውን ቋሚ አድርጎ ነው። ቋሚነት ለጎበዝ ሠራተኛ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። «ጊዜያዊ ነው» የሚለው አሠሪው ከሆነ፣ ሥራው ለምን ጊዜያዊ እንደሆነ ማሳየት ያለበትም እሱ ነው። ወረቀቱ ላይ «ለ3 ወር» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ታዲያ አንቀጽ 10 የሚፈቅዳቸው ምክንያቶች ምንድን ናቸው? አብዛኞቹ አመዛዛኝ ሰው ሁሉ የሚቀበላቸው ናቸው። አንደኛው ለተወሰነ ሥራ መቅጠር ነው፤ ሕንፃ ይሠራል፣ ሕንፃው ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። ሌላው ፈቃድ የወጣን ወይም የታመመን ሰው መተካት ነው። አንዷ ካሸር ልትወልድ ስትል ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት፤ በእሷ ወንበር እስክትመለስ ድረስ ሌላ ሰው በኮንትራት ቢቀመጥ ማንም አይከራከርም። የሥራ መብዛትም አለ። ዝዋይ ወይም ሆለታ አካባቢ የአበባ እርሻ የሚያውቅ ሰው የፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን ሲቃረብ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ጽጌረዳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ፣ ተለይቶ፣ ታስሮ አውሮፕላን ላይ መድረስ አለበት። ለእነዚያ ሳምንታት ተጨማሪ እጅ መቅጠር አንድ ነገር ነው። ዓመቱን ሙሉ አበባ የምታስረውን ሴት ግን «የሥራ መብዛት ነው» ብሎ በየ3 ወሩ ማስፈረም ሌላ ነገር ነው።

የወቅት ሥራም በግልጽ ተጽፏል። የሁመራና የመተማ የሰሊጥ አጨዳ፣ የሲዳማና የጅማ ቡና ለቀማ፤ እነዚህ በየዓመቱ ይመጣሉ፣ በየዓመቱ ያልፋሉ፤ ሠራተኛውም በየዓመቱ ቢመለስ ሥራው የወቅት ሥራ መሆኑ አይቀርም። ከዚህ ሌላ ድንገተኛ አደጋ ወይም ብልሽት ሲያጋጥም የሚሠራ አስቸኳይ ሥራ አለ። ከድርጅቱ ዋና ሥራ ጋር የተያያዘ ሆኖ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣም፣ ከዋናው ሥራ ውጭ የሆነም አለ፤ ባንክ ሕንፃውን ቀለም ሲያስቀባ ቀለም መቀባት የባንክ ሥራ አይደለም። የቀሩት ሁለቱ ግን ልብ ይባሉ። አንዱ ቋሚ ሠራተኛ በድንገት ለቅቆ ቦታው ክፍት ሲሆን፣ ሌላው የድርጅቱ መዋቅር ተጠንቶ ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ የሚደረግ ጊዜያዊ ምደባ ነው። በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች የሚቀጠር ሰው ውሉ ከ45 ተከታታይ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ የሚደረገውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ!

ወደ የእህቴ ልጅ እንመለስ። ሱፐርማርኬቱ በየቀኑ ይከፈታል፣ በየቀኑ ይሸጣል፣ በየቀኑ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ይፈልጋል። ማንንም አልተካችም። ግርግሩ የበዓል ሰሞን ብቻ አይደለም። ከምክንያቶቹ ውስጥ የትኛው እሷን ይመለከታል? አብረን አንድ በአንድ አየናቸው፤ አንዱም አልገጠመም። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ዳኛው የሚጠይቀው የወረቀቱን ርዕስ ሳይሆን የሥራውን ባሕርይ ነው። ለዚህ ነው «ፈርሜያለሁ እኮ፣ አለቀልኝ» ለሚሉ ሰዎች ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ የምለው። ሠራተኛ ከሕጉ በታች በሆነ ነገር ላይ ስለፈረመ ሕጉ የሰጠውን አያጣም።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን ሌላውንም ልናገር። ሁሉም ኮንትራት ማጭበርበር አይደለም። ለአንድ ፕሮጀክት የተቀጠረ፣ ፕሮጀክቱ የሚያበቃበት ቀን የሚታወቅ፣ ሲጀምርም ይህ የተነገረው ሰው ውሉ ሲያበቃ ሥራው በሕጋዊ መንገድ አለቀ ማለት ነው። ወደ እኔ የመጡ ጥቂት ሰዎችን «ወንድሜ፣ ይሄ እውነተኛ ኮንትራት ነው፤ ጊዜህንም ጉልበትህንም አትጨርስ» ብዬ መልሻቸዋለሁ።

ልዩነቱ ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ ዋናው ነገር አወጣጡ ላይ ነው። የእውነት ለተወሰነ ጊዜ የሆነ ውል ቀኑ ሲደርስ በራሱ ያበቃል፤ አሠሪው ሌላ ምክንያት መስጠት የለበትም። ላልተወሰነ ጊዜ የሆነውን ግን ለማቋረጥ በሕግ የታወቀ ምክንያት ያስፈልጋል፤ በማስጠንቀቂያ የሚሰናበት ከሆነም የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ 1 ዓመት ለሠራ የ1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ለሠራ የ2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ ለሠራ የ3 ወር ማስጠንቀቂያ አለው። ከሕግ ውጭ ከተባረረ ደግሞ ወደ ሥራው ልመለስ ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ ካሳ ይበቃዋል ካለም የካሳው መጠን የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው፤ ይህም የ6 ወር ደሞዝ መሆኑ ነው።

መብቶቹ ግን፣ እዚህ ላይ ነው ጩኸቴ፣ በመሠረቱ አንድ ናቸው። አዋጁ የዓመት ፈቃድ ለቋሚ ብቻ ነው አይልም። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየ2 ዓመቱ 1 ቀን ይጨመራል፤ ዓመት ያልሞላውም በሠራው ልክ ይሰላለታል። ሥራ ላይ እያላችሁ «ፈቃዱን በብር እንስጣችሁ» ማለትም አይፈቀድም፤ ወደ ገንዘብ የሚቀየረው ውሉ ሲቋረጥ ያልተወሰደው ነው። የሕመም ፈቃድ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሁሉ መብት ነው፤ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር፣ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ያለ ክፍያ። ጡረታም ቢሆን 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ይገባል። ከደሞዛችሁ 7 በመቶው እየተቆረጠ የአሠሪው 11 ገቢ ሳይሆን የሚቀርበት ጊዜ አለና፣ እባካችሁ እሱንም ጠይቁ።

የእህቴ ልጅ 4ቱን ውል ጨርሳለች፤ ይኸው 1 ዓመት። 16 ቀኗ የት ገባ?

ስለ ሙከራ ጊዜም ሁለት ቃል። በድሮው ሕግ 45 ተከታታይ ቀን ነበር፤ አሁን 60 የሥራ ቀን ሆኗል። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው 10 ሳምንት መሆኑ ነው። በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል፤ ዝም ብሎ በአፍ «ሙከራ ላይ ነህ» አይባልም። በሙከራ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ያለማስጠንቀቂያ መለያየት ይችላሉ። ለዚያው ሥራ ተመልሶ የተቀጠረን ሰው ግን ዳግመኛ ሙከራ ማስገባት አይቻልም። አሠሪ ወዳጆቼ «ቋሚ አድርጌው ሰነፍ ቢሆንብኝስ?» ሲሉኝ የምመልሰው ይህን ነው፦ 60 ቀን የተሰጣችሁ ለዚህ ነው፣ ተጠቀሙበት። ከዚያ በኋላም ቋሚ ማለት የማይነካ ማለት አይደለም። ጥፋት ያጠፋ፣ ችሎታው የቀነሰ፣ ሥራው ራሱ የቀረ እንደሆነ ሕጉ ለእያንዳንዱ መንገድ አበጅቶለታል። ትናንሽ ነጋዴዎች በየ3 ወሩ የሚያስፈርሙት አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት ሳይሆን ከዚህ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ ሕጉን ሳያነቡ የመጣ ነው።

የአከፋፈሉን ነገር በአጭሩ ላልፈው። «የቀን ሠራተኛ ነህ» የሚባል ሰው አንድ መጋዘን ውስጥ ለ2 ዓመት ሳያቋርጥ ጆንያ ሲሸከም አይቻለሁ። ገንዘቡን በየማታው ወይም በየቅዳሜው መቀበሉ ሥራውን የአንድ ቀን ሥራ አያደርገውም። ልብስ ስፌት ቤት በቁራጭ የምትከፈል ልጅም እንደዚያው ናት፤ በሸሚዝ ስለተከፈላት ሠራተኛ መሆኗ አይቀርም። ክፍያው የሚሰላበት መንገድ ክፍያው ብቻ ላይ ይቅር።

ሰዓቱ ግን ሰፋ አድርገን የምናየው ነው። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ይህ ጣሪያ ነው። ከዚያ በታች፣ ግማሽ ቀንም ሆነ በሳምንት 3 ቀን፣ በስምምነት ይቻላል። የግል ኮሌጅ አስተማሪዎች በብዛት እንዲህ ናቸው፤ ሁለት ሦስት ቦታ «ፓርት ታይም» ይዘው ከአንዱ ታክሲ ወደ ሌላው ሲሮጡ ይውላሉ። ፈረቃ ደግሞ ያንኑ 8 ሰዓት በቀንና በሌሊት ማከፋፈል ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኮቹ፣ በሆስፒታል፣ በሆቴል፣ በዳቦ ቤት ያለው ይህ ነው።

ከመደበኛው ሰዓት የተረፈው ትርፍ ሰዓት ነው። በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። ስሌቱን በቁጥር ልያዝላችሁ። ወርሃዊ ደሞዛችሁ 10,400 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሠራል፤ 10,400ን ለ208 ስናካፍል በሰዓት 50 ብር ይመጣል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፤ 75 ብር። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፤ 87 ብር ከ50። የሳምንት ዕረፍት ቀን ላይ በ2፤ 100 ብር። የሕዝብ በዓል ላይ በ2.5፤ 125 ብር።  «ለበዓል 300 ብር ሰጡን፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው» የምትሉ ልጆች ይህን ሒሳብ በስልካችሁ ሥሩት።

አንድ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ፈረቃችሁ ራሱ የሌሊት ከሆነ መደበኛው 8 ሰዓት ትርፍ ሰዓት አይደለም፤ 1.75ቱ ለትርፍ ሰዓት የተቀመጠ ነው። የሌሊት አበል ከፈለጋችሁ የሚመጣው በኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው በሚዋዋሉት) ወይም በውላችሁ ነው፤ ስለዚህ ከመፈረም በፊት ነው የሚጠየቀው።

የጥበቃ ሠራተኞችን ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። በየሰፈሩ የተለመደው 24 ሰዓት ሠርቶ 24 ሰዓት ማረፍ ነው። ሲሰማ እኩል ይመስላል፤ አንድ ቀን ሥራ፣ አንድ ቀን ዕረፍት። ግን ቁጠሩት፦ በሳምንት በአማካይ 84 ሰዓት ነው! 24 ሠርቶ 48 ማረፍ እንኳ ሲሰላ 56 ሰዓት ይሆናል፤ ከ48ቱ በላይ ነው። ሕጉ ሥራው ሲያስገድድ ሰዓቱን በ4 ሳምንት ውስጥ ማቻቻል ይፈቅዳል፤ አማካዩ ግን ከ48 መብለጥ የለበትም። እኛ ግቢ የሚጠብቁት አባት ይህን ስነግራቸው ጣታቸውን እያጠፉ እንደገና ቆጠሩና «እና የተረፈው 36 ሰዓት የማን ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው ስለ ትርፍ ሰዓት ሳስረዳ የምጀምረው በእሳቸው ጥያቄ ነው።

አራተኛው ጥያቄ፣ አሠሪዬ ማን ነው? ጽዳት፣ ጥበቃ፣ አሁን አሁን የጥሪ ማዕከልና ሾፌርም፣ በኤጀንሲ እየሆነ ነው። የሚሠሩት ባንክ ውስጥ ነው፤ የሚያዛቸው የባንኩ ሰው ነው፤ ደሞዝ የሚከፍላቸው ግን ኤጀንሲው ነው። በሕጉ አሠሪው ኤጀንሲው ነው፣ ስለዚህ ፈቃዱንም ጡረታውንም ትርፍ ሰዓቱንም ከእሱ ነው የምትጠይቁት። የኤጀንሲውና የባንኩ ውል ስላለቀ ብቻ ያለ ምንም ነገር «ሂዱ» መባል ልክ ነው ብላችሁ አትቀበሉ፤ ከኤጀንሲው ጋር ያላችሁ የራሳችሁ ውል ምን ይላል? ኤጀንሲ ከሠራተኛው ላይ ለማስቀጠር ብር መቀበልም አይችልም። በእንጨት ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ለጥፎ «መመዝገቢያ» የሚለውን ገንዘብ ደላላ ይጠይቃል፣ ሕጋዊ ኤጀንሲ ግን አይጠይቅም።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የቆሙም አሉ። አዋጁ በራሱ ንግድ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። በስልክ የሚጠሩ የታክሲ ሾፌሮች፣ ዕቃ የሚያደርሱ ባለሞተሮች፣ በቴሌግራም ሥራ የሚቀበሉ ዲዛይነሮችና ተርጓሚዎች በብዛት እዚህ ናቸው፤ መኪናው የራስ፣ ነዳጁ የራስ፣ ኪሳራውም የራስ። እዚህም ግን «ፍሪላንስ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። የሥራ ውል የሚባለው ሰውየው በአሠሪው መሪነት በደመወዝ ሲሠራ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ፈርመህ የምትገባ፣ በእነሱ ኮምፒውተር የምትሠራ፣ አለቃ የሚያዝህ፣ ለመቅረት ፈቃድ የምትጠይቅ ከሆንክ፣ ወረቀቱ ፍሪላንስ ቢልህም አንተ ሠራተኛ ነህ ብዬ ነው የማምነው።

የሥራ መሪዎችም ከአዋጁ ውጭ ናቸው፤ እነሱን የሚገዛው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። «ሱፐርቫይዘር» የሚል ስም ተሰጥቷችሁ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከቀረባችሁ ግን መቅጠርና ማባረር ትችሉ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ካልቻላችሁ፣ የተሰጣችሁ ስም ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የቤት ሠራተኞች ነገር ነው። የግል አገልግሎት ቅጥር ስለሆነ ከአዋጁ ውጭ ተደርጓል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለብቻው ደንብ እንዲያወጣበት ነው የተተወው። ያላቸው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያሉት ጥቂት አንቀጾች ናቸው። በቀን 8 ሰዓት የሚለው ጣሪያ እነሱ ጋ አይደርስም። ቤታችሁ ሠራተኛ ካለች፣ እሑዷንና የማታ ዕረፍቷን ዛሬ ተነጋግራችሁ በወረቀት ብታደርጉት ማንም አይከለክላችሁም።

ወረቀት ካልኩ አይቀር፣ «ውል የለኝም፣ በቃል ነው» የምትሉም ውል አላችሁ። የሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው ሥራ በጀመራችሁ በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ቦታውን፣ ደመወዙን፣ የሚቆይበትን ጊዜ የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት። ባይሰጥም መብታችሁ አይቀርም፤ ብቻ ማስረዳቱ ይከብዳል። ስለዚህ የባንክ ገቢ፣ የፈረቃ ዝርዝር፣ «ነገ ጠዋት ግቢ» የሚል የቴሌግራም መልእክት፣ ምንም አትጣሉ። ስትለቁ ደግሞ የሥራችሁን ዓይነት፣ ዘመኑንና ደሞዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ። እናንተም በበኩላችሁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጡ፤ በድንገት የጠፋ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደሞዝ ድረስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል።

የመጨረሻው ጉዳይ ጊዜ ነው፤ ብዙ ሰው እውነት ይዞ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል። የደሞዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ ጥያቄ 6 ወር ነው፤ የሚቆጠረውም መከፈል ከነበረበት ቀን ነው። «እስኪ ሽማግሌ ልላክ»፣ «እስኪ ሥራ አስኪያጁ ከውጭ ይምጣ» እየተባለ 3 ወር እንደ ዋዛ ያልፋል። በየአካባቢው ያለው የሥራና ክህሎት ቢሮ ሄዶ ማማከር ይቻላል፤ ፍርድ ቤት መሄድ ካስፈለገም ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም።

የእህቴን ልጅ ፈርሚ ወይ አትፈርሚ አላልኳትም። ደሞዙ ያስፈልጋታል፣ ቤት ኪራይ አለባት። «ብትፈርሚም መብትሽ አይቀርም፤ ግን ከመፈረምሽ በፊት ‹ሥራዬ ጊዜያዊ የሆነው ለምንድን ነው?› ብለሽ በትሕትና፣ በጽሑፍ ጠይቂያቸው፤ የደብዳቤሽን ኮፒ ያዢ» ነው ያልኳት። 16ቱንም ቀን እንድትጠይቅ።

ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ የድሮዎቹን 4 ውሎች ፎቶ ከስልኳ አውጥታ በቀን በቀናቸው አሰለፈቻቸው። በመካከላቸው አንድም ክፍት ቀን የለም። አምስተኛው የሚያበቃው መስከረም 30 ነው። ቀን መቁጠሪያዋን ከፈተችና ታኅሣሥ 30 ላይ ቀይ ምልክት አደረገች።